ዘይት የተቀባ የዝናብ መጥረጊያ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርሃኔ፣ ሸዋ ሮቢት

እትዬ፣ ሰላምታዬ ከዚህ ብርድ ተነስቶ ሮቢት እስኪደርስ እንዳይቀዘቅዝ ወረቀቱን አራት ጊዜ አጥፌዋለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጎረቤቱ፣ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ሳይቀር፣ ሁሉም ደህና ነው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ሳሙናውና ስኳሩ ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ። «ይበርድሃል ወይ?» ላሉኝ፣ የቆላ ሰው ደብረ ብርሃን ታስሮ አይበርደኝም ቢል ማን ያምነዋል? ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው የምተኛው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሚኒባስዎ ከደብረ ሲና በላይ፣ ጣርማ በር ሳንደርስ፣ በዚያ ጉምና ዝናብ የቆመ የጭነት መኪና ኋላ ከገባች ሦስት ወር አለፈ። በአደጋው የሞተችው የቀወቷ ሽንኩርት ነጋዴ ሳሚያ አጠገቤ ነበር የተቀመጠችው። ስሟን ሳላነሳ ያደርኩበት ቀን የለም። ዐቃቤ ሕጉ «የዝናብ መጥረጊያው እንደማይሠራ እያወቀ ነዳ» ይላል። ጠበቃዬ ደግሞ «ባለንብረቷ አንድ መስመር ትጻፍልህ» አለኝ። እርስዎ እንደሚያስታውሱት ከግንቦት ጀምሮ ሦስት ጊዜ «የመጥረጊያው ጎማ ደርቋል፣ ይቀየር» ብዬዎት ነበር። «በቆላ ምን ዝናብ አለና! ደጋውን ነካ አድርገህ ትመለሳለህ እንጂ አታድርበት» ብለውኝ ስቀን ተለያየን። እባክዎ ይህችኑ፣ «ጠይቆኝ ነበር፣ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» ብለው ጽፈው ይፈርሙልኝ። ያችን መስመር ካገኘሁ ባለቤቴ ፈይዛ በሆዷ የያዘችው ልጅ ድክ ድክ ሳይል ቤቴ እገባለሁ። ካጣኋት ብዙ ዓመት ነው የሚሉት።

ስለ ዘይቱ አይስጉ። በዚያን ማለዳ የደረቀውን ጎማ በሰሊጥ ዘይት እሽት አድርገው ሲቀቡት ቆሜ አየሁ። ባለቤትዎ ጋሼ ዳንኤል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የበቅሎ ጠፍር ሲደርቅባቸው እንደዚያ ያለሰልሱት ነበር ብለውኛል። ለእኔው አስበው ያደረጉትን «ተዉ» ማለት ከበደኝና ይሉኝታ ይዞኝ ወጣሁ። ተራራው ላይ ዝናቡ ሲመጣ መጥረጊያው ዘይቱን መስታወቱ ላይ ለቀለቀውና ፊት ለፊቴ ወተት ሆነ። ይህንን ለፖሊስም ለጠበቃም አልተነፈስኩም። ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።

አክባሪዎ፣ ሱፍዋን


ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱፍዋን ልጄ፣

ዛሬ የኅዳር ሚካኤል ነው። ከንግሡ እንደተመለስኩ ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ። ስምህን ጠርቼ ጸልዬልሃለሁ፤ የእስላም ስም ነው ብሎ መልአኩ አይመልሰውም። መልስ በማዘግየቴ አትቀየመኝ። መነፅሬ ተሰብሮ ነው።

ስለዚያች መስመር ደጋግመህ ጽፈሃል። እጽፋለሁ ልጄ፣ እንዴት አልጽፍም! ግን ቸኩሎ የጻፈ ቸኩሎ ይጸጸታል። «ባለንብረቷ እያወቀች ላከችው ከተባለ መኪናዋ ትያዛለች» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ገና አሁን ተጠግና ቆማ ሄደች። እኔ ባሏ የሞተባት ሴት ከእሷ ሌላ ምን አለኝ? አንተ ወጣት ነህ፣ ቀኑም ቢረዝም ያልፍልሃል። መነፅሩ ይሠራና እናየዋለን።

አዲሱ ሾፌር ንጉሤ ይባላል፤ ደብዳቤውንም የሚያመላልስልን እሱ ነው። የአጣዬ ሰው ነው፤ ያ ቃጠሎ ቤታቸውን ከበላው ወዲህ እዚህ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ልቡ መልካም ነው፣ ግን የደጋ ዝናብ አያውቅም። እኔም እንደ አንተ ዓይነት ሰው ሁለተኛ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ስለዚህ መጥረጊያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲያረጅ ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚቀየር፣ የምታውቀውን ሁሉ በእጅህ ጻፍልኝ። ስምህንና ቀኑን ከሥሩ አድርግበት። የእኔን ቃል የሴት ወሬ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ የሾፌርን ግን ይሰማል።

ሁለተኛ ሳሙና ልኬልሃለሁ።

እናትህ፣ ብርሃኔ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርሃኔ፣

ያለ መነፅር እንዲህ ያማረ ጽሑፍ ከጻፉ፣ በመነፅር ቢሆን ምን ሊሆን ነው! ቀልዴ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። እዚህ ማንም ስለ መኪና አይጠይቀኝም፤ የሚጠይቁኝ ስለ አደጋው ብቻ ነው።

ለንጉሤ ይንገሩት። ከፊት መስታወቱ ሥር ትንሽ ሞተር አለች። ሞተሯ የምታውቀው መዞር ብቻ ነው። ከእሷ ጋር የተያያዙት ዘንጎች ዙሩን ወደ ወዲያና ወዲህ ይለውጡታል። በእግር የሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና መርገጫው ከፍ ዝቅ ሲል መንኮራኩሯ ይዞር የለ? ይኼ የዚያ ተገላቢጦሽ ነው። ክንዱ ውስጥ ሞላ አለ፤ ጎማውን መስታወቱ ላይ የሚጫነው እሱ ነው። ሞላው ከላላ ጎማው አዲስ ቢሆንም ነፋስ ያነሳዋል። ስለዚህ ክንዱን አንስቶ መልቀቅ አይገባም፣ በእጅ ይዞ ማስቀመጥ ነው።

ዋናው ነገር ጎማው ነው። የጎማው ከንፈር ቀጭን ናት። ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ትጋደማለች፤ ሲመለስ ትገለበጣለች። ሥራው ሁሉ ያቺ መገልበጥ ናት። ከደረቀች አትገለበጥም፤ ቀጥ ብላ እየተንቀጠቀጠች ትሄድና ግር ግር ትላለች። ጫፏ ከተበላ ደግሞ በጠረገችበት ላይ የውኃ ክር ትተዋለች። ሲንጫጫ፣ ሲዘል፣ ክር ሲተው፣ ወይም መሀል ላይ ሳይነካው የሚያልፈው ቦታ ሲኖር፣ ያን ቀን ይቀየር። በጥፍሩ ይዳስሳት፤ እንደ ጆሮ ጫፍ ካልተጣጠፈች አልቆላታል።

የደጋ መኪና ዓመት ይቆይለት ይሆናል። በእኛ አገር ግን ጎማውን የሚገድለው ዝናብ አይደለም፣ ፀሐይ ነው። አንድ ቀን ሳይጠርግ የከረመ ጎማ በሮቢት ፀሐይ ቆሞ ይሞታል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ፣ ቢያንስ ክረምቱ ሳይገባ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ። ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፤ ርዝመታቸው እኩል ስላልሆነ አሮጌውን ይዞ ይሂድና ለክቶ ይግዛ። በደረቅ መስታወት ላይ አያስነሳው፣ አቧራው ይቧጭረዋል። በየሳምንቱ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው። የድሮ ሾፌሮች ዝናብ ሲይዛቸው የትምባሆ ቅጠል ወይም የተቆረጠ ሽንኩርት መስታወቱን ያሹበት ነበር። አንድ ዳገት ያወጣል እንጂ መድኃኒት አይደለም።

እኔ የመጥረጊያ ሕመም ከዓይኔ በፊት በጆሮዬ ነው የማውቀው። በደረቀ ጎማ ጣርማ በር የሚወጣ ሾፌር ዓይኑን አስሮ እንደሚነዳ ይቁጠረው።

ያችን መስመር አይርሱብኝ። ጠበቃው በመጣ ቁጥር «መጣች?» ይለኛል፤ እኔም «መንገድ ላይ ናት» እለዋለሁ።

ሱፍዋን፣ የዘጠኝ ዓመት ሾፌር


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱፍዋን ልጄ፣

ያን ሁሉ ስትጽፍ አንድ ነገር ዘለልህ፤ ለምን እንደዘለልኸውም ገብቶኛል። ስለ ዘይት አልጻፍህም። እንዳይከፋኝ ብለህ ነው አይደል? ዝምታህ ግን ከስድብ በላይ አመመኝ። ንጉሤ ሲያነብልኝ «ዘይት ቢቀባስ?» ብሎ ጠየቀኝና አልቅሼ ተነሳሁ።

እንቅልፍ የለኝም። ሳሚያ በሕልሜ ትመጣለች፤ አትናገርም፣ ዘይት የነካው እጄን ብቻ ታያለች። እህል አልዋጥ ብሎኛል። ጎረቤቶቼ ስኳር ነው ይሉኛል፤ ስኳር አይደለም፣ ይኸው ነው። እንደ ልጅ ያሳደግኩህ ነህና አንድ ነገር ለምኜሃለሁ። እኔ እንዳልሆንኩ ጻፍልኝ። ውሸት ቢሆንም ጻፍልኝ። በጸሎት መጽሐፌ መሀል አድርጌ ማታ ማታ ሳነበው ምናልባት ልቤ ያርፍ ይሆናል። ልቤ ሲያርፍ የአንተንም መስመር እጽፋለሁ፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈውን ዳኛ አይቀበለውም።

ስለ ፈይዛ ለጠየቅኸኝ፣ ደህና ናት። ሌላውን ራሷ ትነግርሃለች።

እናትህ፣ ብርሃኔ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርሃኔ፣

እርስዎም ሁዳዴ ላይ፣ እኔም ረመዳን ላይ ነኝ። ሁለት ጿሚ ሲላቀስ ምን ይባላል? ይተዉ እንጂ እትዬ፣ ዕንባ ጉልበት ይጨርሳል።

ደብዳቤዎን ሳነብ አፈርኩ። እዚህ ተቀምጬ ስለ ራሴ ብቻ ሳስብ፣ እርስዎ እዚያ እህል አልዋጥ ብሎዎታል። ሮቢት ስመጣ ዘመድ አልነበረኝም። ፈይዛን ሳገባ ከጓሮ ያለውን ክፍል ለቀቁልኝ፤ ስታመም ሾርባ ይዘው የመጡት እርስዎ ነበሩ። ያን የምረሳ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ እነሆ፣ በእጄ፦

«ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት የመጥረጊያውን ጎማ ዘይት የቀባሁት እኔ ሱፍዋን ነኝ። ዘይት ጎማን እንደሚያበላሽና መስታወት እንደሚለቀልቅ እያወቅኩ ነው። እትዬ ብርሃኔ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም።»

ይኸው። ሳሚያ ዳግመኛ ከመጣች ይህንን ያሳዩዋት፤ ወደ እኔ ትምጣ። እኔ ትከሻዬ ሰፊ ነው። ለንጉሤም በእኔ ስም ይንገሩት፦ ሱፍዋን ዘይት ቀብቶ ጉድ ሆነ፣ አንተ እንዳትቀባ ይበሉት።

የፍርድ ቤት ቀጠሮዬ ሚያዝያ 20 ነው። አሁን ልብዎ ስላረፈ ያችን መስመር በዚህ ሳምንት ለንጉሤ ይስጡት። ፈይዛ ደብዳቤ አልጻፈችልኝም፤ በዚህ ወር ትወልዳለች ብዬ ቀን እቆጥራለሁ። ክፍሉ በር ላይ ቆመው ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ፣ ሱፍዋን


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ብርሃኔ፣

ስለ ጤናዎ አልጠይቅም፤ ፍርድ ቤት ቆመው አይቻለሁ፣ ደህና ነዎት።

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀት አውጥቶ «የጎማው ከንፈር ቀጭን ናት» ብሎ ሲጀምር፣ ወላሂ፣ ደስ አለኝ። እንዴት ደስ ይላል፣ ማን ጻፈው አልኩ በሆዴ። የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ልብስ ስፌት መኪናው ላይ ሲደርስ ነው። «ዓይኑን አስሮ እንደሚነዳ ይቁጠረው» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበባት። ቀጥሎ ሁለተኛውን አወጣ። በመጽሐፍዎ መሀል ያድራል ያሉኝን።

ዳኛው «ጽሑፉ ያንተ ነው?» አሉኝ። የእኔ ነው አልኩ። ዘይቱን የቀቡት እሳቸው ናቸው፣ እኔ የጻፍኩት እንዲያጽናናቸው ነው አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። «እውነት ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅኸው?» አሉኝ። ይሉኝታ ነው ብል መዝገቡ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ዞሬ ሳይዎት ነጠላዎን አፍዎ ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው። ሰባት ዓመት ፈረዱብኝ።

ስወጣ አንድ የቀወት ሰው አግኝቶኝ ፈይዛ ሴት ልጅ እንደወለደች ነገረኝ። ጥር ላይ ክፍሉን እንዳስለቀቋት፣ አሁን ንጉሤ እንደሚኖርበትም ነገረኝ። በር ላይ ቆመው ሰላም ይበሉልኝ ያልኩት ባዶ ቤት ኖሯል።

እናቴ ብዬዎት ነበር። አቃጠሉኝ። ከእንግዲህ ሳሙና እንዳይልኩልኝ።

ሱፍዋን


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱፍዋን ልጄ፣

ወይዘሮ ብለህ ጻፍህልኝ። ይሁን፣ ልጅ ሲቆጣ እንዲህ ነው። እኔ ግን አልቀየምኩህም።

«አቃጠሉኝ» ላልኸኝ፣ እኔ ምን አደረግኩ? አንተ የጻፍኸውን ሰጠሁ እንጂ የራሴን አልጨመርኩበትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ ያውም የአንተ ከእጅ ነው የወጣው። ባልጽፍ ኖሮ ብለህ ራስህን ውቀስ። ለፈይዛም ቢሆን የእናቷ ቤት ይሻላት ነበር፤ ይህ ግቢ አራስ የሚሆን አይደለም። ልጅቷ ቆንጆ ናት አሉ።

መልካም ወሬም ላሰማህ። ንጉሤ በጻፍኸው መሠረት አሮጌውን ይዞ ሄዶ ለክቶ አዲስ ጎማ አስገባ። በበልግ ዝናብ ጣርማ በር ሲወጣ መስታወቱ ጠብታ አይቀርበትም። ተሳፋሪው ሁሉ ይመርቀዋል። እኔም ይህ የሱፍዋን ትምህርት ነው እላቸዋለሁ፤ የሰው ውለታ አልበላም።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። የነፍስ አባቴ «ያዘነብሽ ሰው አለ፤ ሳትታረቂ አትቆርቢም» አሉኝ። ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለዚህ «ይቅር ብያታለሁ» ብለህ በእጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ለንጉሤ ስጠው። በቃል የሆነውን አያምኑኝም። አንድ መስመር ናት።

እናትህ፣ ብርሃኔ


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ብርሃኔ፣

ሦስት ጊዜ ንጉሤን ልከው ጠየቁኝ። እሱ ጥፋት የለበትምና ባዶ እጁን አልመልሰውም።

የተበደልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የሳሚያ እናት ወይዘሮ ፋዲላ ቀወት አሉ። ጉልበታቸው ስላልቻለ ፍርድ ቤት አልመጡም፤ የተባለውንም አልሰሙም። «ልጄን የወሰዳት ጉሙ ነው፣ የአላህ ሥራ ነው» ብለው ለዒድ አል-አድሃ ቴምር ልከውልኛል። የሞተባቸው እሳቸው ሆነው፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሀል ያልጠሉኝ እሳቸው ናቸው። ያቺ ቴምር ናት እስከ ዛሬ ያቆመችኝ።

ይሂዱ። ፊታቸው ተቀምጠው ጎማውን ዘይት የቀባው ማን እንደሆነ ይንገሯቸው። ከዚያ ይቅርታ ይለምኑ። እሳቸው ይቅር ካሉ እኔም በዚያው ቀን እፈርማለሁ። ቃሌ ነው።

ሱፍዋን


ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱፍዋን ልጄ፣

ያልኸኝን አድርጌያለሁ። በዚህ ጭቃ ባጃጅ ተከራይቼ፣ ባጃጁ ሲቆም በእግሬ፣ ቀወት ወይዘሮ ፋዲላ ቤት ደረስኩ። እንደ ዘመድ ተቀበሉኝ። እግሬን ያጠቡኝ በገዛ እጃቸው ነው።

ልናገር ስል ቃሉ አልወጣ አለኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሞክሬ ነበር። ስለዚህ የደብዳቤህን ኮፒ ከቦርሳዬ አወጣሁና ለምራታቸው ሰጠኋት፤ ፊደል ቆጥራለች። ጮክ ብላ አነበበችው። «ዘይት የቀባሁት እኔ ሱፍዋን ነኝ፣ እያወቅኩ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ሴትየዋ ድገሚው አሏት። ደገመችው። ከዚያ «ጉሙ አይደለም በይኛ! እኔ ቴምር እየላክሁለት!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ረገሙህ። የረገሙህን አልጽፈውም፤ በልጅህ ላይ ያለውንም አልጽፈውም።

እኔ ግን አልተውኩህም። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ወጣት ነው፣ ድሃ ነው፣ የወለዳትን እንኳ አላየም አልኳቸው። ምራታቸው ሳትቀር ከእኔ ጋር አለቀሰች። ፀሐይ እስኪዘቀዝቅ ለመንኩልህ። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «እንግዲህ ለአላህ ብዬ ይቅር ብየዋለሁ» አሉ።

ይቅር ብለውሃል ልጄ። ንጉሤ ይህን ይዞ ነገ ጠዋት ይመጣል፣ የይቅርታውን ወረቀት ፈርመህ ስጠው።

እናትህ፣ ብርሃኔ